የቤት ውስጥ ኑሮን ከሩቅ ማየት፦ የመርሳት ሕመምና የቪዲዮ ምርመራ

አንዲት የ74 ዓመት እናት በዓይነ ሕሊናችን እንሳል። ሐኪም ፊት ተቀምጠው የተጠየቁትን በትሕትና ይመልሳሉ፤ የልጆቻቸውን ስም፣ የትውልድ ስፍራቸውን፣ ያሳለፉትን ዘመን ያወሳሉ፤ በጨዋታቸው መካከልም ምሳሌያዊ አነጋገር ጣል ያደርጋሉ። ሐኪሙም «ደህና ናቸው» ለማለት ይቃጣዋል። በማግስቱ እኒሁ እናት በቤታቸው ቡና ያፈላሉ። ቡናውን አጥበው በሚገባ ይቆላሉ፤ ይወቅጣሉ፤ ከዚያም ውኃ የሌለበትን ጀበና ከሰሉ ላይ ይጥዳሉ። ልጃቸው «እማዬ፣ ውኃውስ?» ስትላቸው «አሁን ጨመርሁ እኮ!» ብለው ይቆጣሉ።

ከሁለቱ ትዕይንቶች እውነተኛው የትኛው ነው? ሁለቱም እውነት ናቸው። ይሁን እንጂ እኒህ እናት ብቻቸውን መዋል ይችሉ እንደሆነ፣ መድኃኒታቸውን ራሳቸው በሰዓቱ ይወስዱ እንደሆነ፣ እሳት አጠገብ ሲሆኑ ሰው ያስፈልጋቸው እንደሆነ አብልጦ የሚነግረን ሁለተኛው ትዕይንት ነው። ሐኪሙ ደግሞ ያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ክፍተት በቪዲዮ ግንኙነት ለመሙላት የሚደረገውን ጥረት፣ የአሠራሩን ሳይንሳዊ መሠረትና ገደቦቹን እንመለከታለን።

ሕመሙና ድንበሩ

በአገራችን አንድ አረጋዊ ነገር ሲደጋግሙና ሲረሱ «ጃጅተዋል» ይባላል፤ ነገሩም የዕድሜ ነው ተብሎ ይታለፋል። ዕድሜ የማስታወስን ፍጥነት መቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን የአንድን ዘመድ ስም ለጊዜው መርሳትና ዕድሜ ልክ በተመላለሱበት የገበያ መንገድ ላይ መጥፋት አንድ አይደሉም። በሕክምናው ዓለም ዲሜንሺያ የሚባለው፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ የመርሳት ሕመም የምንለው፣ በተለያዩ በሽታዎች ምክንያት የአንጎል ሕዋሳት ሲጎዱ የሚከሰት የምልክቶች ስብስብ ነው። ሕመሙ ከማስታወስ ባሻገር ቋንቋን፣ አቅጣጫ መለየትን፣ ማቀድንና ማመዛዘንን ይነካል።

ከመንስኤዎቹ መካከል ትልቁን ድርሻ የያዘው የአልዛይመር በሽታ ሲሆን፣ ከጠቅላላው ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሚሆነው ምክንያት እንደሆነ ይገመታል። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 በፍራንክፈርት ከተማ አንዲት የ51 ዓመት ሴት መረመረ። ሕመምተኛዋ እ.ኤ.አ. በ1906 ከሞተች በኋላ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ አጥንቶ በሕዋሳቱ መካከል የተከማቹ ባዕድ ክምችቶችንና በሕዋሳቱ ውስጥ የተጠላለፉ ክሮችን አገኘ፤ ግኝቱንም በዚያው ዓመት በቱቢንገን በተደረገ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1910 ደግሞ ኤሚል ክሬፕሊን በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከመርሳት ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ሕመሙን ሙሉ በሙሉ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህም አብዛኛው የሕክምና ሥራ ያተኮረው ሰውየው የቀረውን ችሎታ ይዞ በክብርና በደኅንነት እንዲኖር በማገዝ ላይ ነው።

አሁን ወደ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ እንሻገር። አንድ ሰው «የመርሳት ሕመም አለበት» የሚባለው መቼ ነው? በማስታወስ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ማግኘት ብቻውን በቂ አይደለም። አእምሯዊ ችሎታው ከቀድሞው ቢቀንስም የዕለት ተዕለት ኑሮውን ራሱን ችሎ የሚመራ ሰው ቀላል የአእምሮ ችሎታ መቀነስ አለበት ይባላል። መቀነሱ ኑሮውን ራሱን ችሎ እንዳይመራ ሲያደርገው ደግሞ ዲሜንሺያ ይባላል። ስለዚህ ድንበሩ የሚሰመረው በኩሽና፣ በገበያና በመድኃኒት መደርደሪያው አጠገብ ነው። የኑሮ ችሎታን በተሳሳተ መንገድ የለካ ሐኪም ድንበሩን አዛብቶ ያሰምራል ማለት ነው። ስሕተቱም በሁለቱም አቅጣጫ ጉዳት አለው፤ የሚችሉትን ሰው «አይችሉም» ብሎ ገንዘባቸውንና ነጻነታቸውን ማሳጣት ወይም የማይችሉትን «ይችላሉ» ብሎ ከእሳትና ከመድኃኒት ጋር ብቻቸውን መተው።

ኑሮ በምን ይለካል?

የሰውነት ሙቀት በቴርሞሜትር፣ የደም ግፊትም በራሱ መሣሪያ ይለካል። የሰው ኑሮ ግን በምን ይለካል? እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቹ ስድስት መሠረታዊ ተግባራትን የያዘ መለኪያ አሳተሙ። እነዚህም ገላን መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር እንዲሁም ራስን መመገብ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ከሕመም የሚያገግሙ ሰዎች እነዚህን ችሎታዎች መልሰው የሚያገኙበት ቅደም ተከተል ሕፃን ልጅ ከሚማርበት ቅደም ተከተል ጋር መመሳሰሉን አስተውለው ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ፓውል ላውተንና ኢሌን ብሮዲ ይበልጥ ውስብስብ የሆኑ ስምንት ተግባራትን የያዘ ሌላ መለኪያ አቀረቡ። ስልክ መጠቀም፣ ዕቃ መግዛት፣ ምግብ ማዘጋጀት፣ ቤት ማስተካከል፣ ልብስ ማጠብ፣ በመጓጓዣ መጠቀም፣ መድኃኒትን በሥርዓቱ መውሰድና ገንዘብን ማስተዳደር በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። በመርሳት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚናጉት እነዚህ ውስብስብ ተግባራት ናቸው፤ መብላትና መልበስ ዘግይተው ይጎዳሉ።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ቡናው እንመለስ። ቡና ማፍላት ለለመደው ሰው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከሰሉን ማያያዝ፣ ስኒውን አጥቦ ረከቦቱ ላይ መደርደር፣ ቡናውን አጥቦ ሳያሳርሩ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበናውን በውኃ ጥዶ የተወቀጠውን መጨመር፣ እንዳይገነፍል መጠበቅ፣ አውርዶ እስኪሰክን መታገሥ፣ ከዚያም መቅዳት አለ። ይህ ሁሉ የተወሰነ ቅደም ተከተል አለው። አንዳንዱ ሥራ ከሌላው ጋር ጎን ለጎን ይካሄዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያለፈውን ሳይጨርሱ አይጀመርም። ይህን የሚያቀናጀው በተለይ ከግንባራችን ጀርባ የሚገኘው የአንጎል ክፍል ነው። እጅ የለመደው እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ መቁላትና መውቀጥ፣ ቅንጅቱ ከተጎዳ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። በምሳሌያችን ያሉት እናት አቆላላቸውና አወቃቀጣቸው ደህና ሆኖ ውኃውን የረሱት በዚህ ምክንያት ነው።

በካናዳ ኢዛቤል ጀሊናና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ለመርሳት ሕመም የተዘጋጀ መለኪያ አንድን ተግባር በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው መነሳሳት ነው፤ ሰውየው ማንም ሳይነግረው ሥራውን ይጀምራል ወይ? ሁለተኛው ማቀድና ማደራጀት ነው፤ የሚያስፈልገውን ዕቃ ይመርጣል፣ ቅደም ተከተሉን ያውቃል ወይ? ሦስተኛው አፈጻጸም ነው፤ የጀመረውን በአግባቡ ይጨርሳል ወይ? ቀጥሎ እንደምናየው ይህ ክፍፍል የቪዲዮ ምርመራን ብርታትና ድካም ለመረዳት ቁልፍ ነው።

ሦስት ምስክሮች

ስለ አንድ ሰው የኑሮ ችሎታ መረጃ የሚገኝባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሕመምተኛውን ራሱን መጠየቅ ነው። ይሁን እንጂ የመርሳት ሕመም ራስን የመታዘብ ችሎታንም ሊነካ ስለሚችል አንዳንድ ሰዎች ጉድለታቸውን ፈጽሞ አያውቁትም። «ሁሉንም ራሴ እሠራለሁ» የሚለው መልስ ከኩራት ወይም ከውሸት የመጣ ሳይሆን የሕመሙ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ቤተ ዘመድን ወይም አስታማሚን መጠየቅ ነው። ፌፈርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙት መጠይቅ በዚህ መንገድ ይሠራል። 10 ተግባራት ተዘርዝረው እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ ወደ 30 ባዘነበለ መጠን ጥገኝነቱ ይከብዳል። ሆኖም ዘመድም ዳኛ ብቻ አይደለም። በድካም የተሰላቸ አስታማሚ ችግሩን አግንኖ ሊያይ ይችላል፤ በአንጻሩ እናቷን የምትሳሳ ልጅ ጉድለቱን ልትሸፍን ትችላለች። በሳምንት አንድ ቀን ብቅ የሚል ወንድ ልጅም የሚያየው የተሰናዳውን ቤት ነው።

ሦስተኛው ሰውየው ሲሠራ በዓይን ማየት ነው። ከሦስቱ ምስክሮች ይህ የተሻለው ይመስላል፤ ግን የት ሆኖ ይታይ? በሆስፒታል ውስጥ በተሰናዳ ኩሽና ሰውየው ምድጃውን አያውቀውም፤ ስኳሩ የት እንዳለ አያውቅም። ጤነኛ ሰው በአዲስ ኩሽና ፈጥኖ ይላመዳል፤ የመርሳት ሕመም ያለበት ግን የሚደገፈው በለመደው ስፍራና በለመደው ዕቃ ላይ ነው። ስለዚህ በሆስፒታል የታየው ውጤት ከቤቱ እውነታ ዝቅ ሊል ይችላል። ባለሙያው ወደ ቤት ሄዶ ቢያይ ይመረጣል፤ ይህ ግን ጊዜ፣ መጓጓዣና ባለሙያ ይፈልጋል። ቪዲዮው የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ከቴሌቪዥን እስከ ኪስ ስልክ

በምስል ታግዞ ሕመምተኛን ከሩቅ ማየት የዛሬ ሐሳብ አይደለም። በአሜሪካ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 ለአእምሮ ሕክምና ሥራ በሁለት ወገን የሚያስተላልፍ ቴሌቪዥን ተጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው የኖርፎክ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ጋር በዚሁ መንገድ ተገናኝተዋል። በዚያን ጊዜ መሣሪያው አንድ ክፍል የሚሞላና ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ብቻ የሚሠራ ነበር። ዛሬ ካሜራው በኪስ ስልክ ውስጥ ስላለ ግንኙነቱ ቤት ድረስ ይገባል።

በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን የሚያክመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለሕክምና ለራቁ ሕመምተኞቹ የቪዲዮ መገናኛ ያላቸውን ታብሌቶች ማከፋፈል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ሲስፋፋ ደግሞ አሜሪካና አውስትራሊያ ለርቀት ሕክምና የሚከፈለውን ክፍያ በሰፊው ፈቀዱ። አረጋውያን ከቤት እንዳይወጡ በተመከረበት በዚያ ወቅት የመርሳት ሕመም ባለሙያዎች ወደ ቪዲዮ ፊታቸውን አዞሩ። የጀመሩት ግን ከባዶ አልነበረም፤ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 በቪዲዮ የሚደረግ የመርሳት ሕመም ምርመራ በአካል ከሚደረገው ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቶ ነበር።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ጥሩ የቪዲዮ ግምገማ የሚጀምረው ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ነው። ባለሙያው አስቀድሞ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግሮ ሰውየው ቀድሞ ምን ይሠሩ እንደነበር፣ ዛሬስ ምን እንደሚያሳስባቸው ያጠናል። መስማትና ማየት የሚችሉበትን ሁኔታ ይጠይቃል፤ መነጽርና የጆሮ ማዳመጫ ካላቸው እንዲያደርጉ ያሳስባል። ግንኙነቱ ቢቋረጥ የሚደውልበትን ቁጥር፣ አደጋ ቢደርስ እርዳታ የሚላክበትን አድራሻ ይይዛል። ከሁሉም በላይ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከልጆቻቸው ብቻ አይደለም፤ ከራሳቸው ከአረጋዊው ጭምር ነው። ቤት ማለት ገመና ነውና፣ ካሜራው የትኛውን ክፍል እንደሚያይና ምስሉ ይቀረጽ እንደሆነ ግልጽ መደረግ አለበት።

በዕለቱ ቤት ያለ ረዳት ስልኩን ወይም ታብሌቱን ሰውየው ሙሉ በሙሉ፣ እጃቸውም ጭምር፣ በሚታይበት ቦታ ያቆማል፤ መስኮቱ ከጀርባ ከሆነ ምስሉ ስለሚጨልም ብርሃን ከፊት እንዲመጣ ይደረጋል። ከአጭር ጨዋታ በኋላ ባለሙያው ሰውየው በተለምዶ የሚሠሩትን አንድ ሥራ እንዲሠሩ ይጠይቃል፤ ሻይ ማፍላት፣ ልብስ ማጠፍ ወይም የሳምንቱን መድኃኒት በየቀኑ ክፍል መደልደል ሊሆን ይችላል። አደጋ የሚያስከትል ሥራ የሚመረጠው አጠገባቸው ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ባለሙያው የሚመዘግበው ሥራው መጠናቀቁን ብቻ አይደለም። ምን ያህል እርዳታ እንዳስፈለገ በደረጃ ይጽፋል። ያለ እርዳታ ሠሩ? «ቀጥሎስ ምን ነበር?» የሚል ጠቅላላ ጥያቄ በቃቸው? «ውኃ ጨምሩ» ተብሎ በግልጽ መነገር ነበረበት? በምልክት ማሳየት አስፈለገ? ወይስ እጅ ይዞ ማሠራት? ይህ ዝርዝር ለቤተሰብ ትልቅ ጥቅም አለው። ጠቅላላ ጥያቄ የሚበቃው ሰውና እጁ ካልተያዘ የማይሠራ ሰው ሁለቱም «እርዳታ ይፈልጋሉ» ይባላሉ፤ የሚፈልጉት እርዳታ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

በመጨረሻ ባለሙያው ከአስታማሚዋ ጋር ለብቻ ይነጋገራል። በአረጋዊት እናቷ ፊት ስለ ጉድለታቸው እንድትዘረዝር ማድረግ ለሁለቱም ከባድ ነው። ልጅ ይሉኝታ ይይዛታል፤ እናትም ይዋረዳሉ።

ካሜራው የማያሳየው

የቪዲዮ ግምገማ የራሱ ገደቦች አሉት። አንዳንዶቹ ግልጽ ናቸው። የሽታ፣ የዳሰሳና የጠቅላላ አካባቢ መረጃ የለም፤ የጋዝ ሽታ ወይም የተበላሸ ምግብ በስክሪን አይታወቅም። ድምፅ ሲዘገይ የሰውየው ዝምታ ከሕመሙ ይሁን ከኢንተርኔቱ መለየት ያስቸግራል። ስክሪን ላይ የሚናገር ሰው ማየትም ለአንዳንድ ሕመምተኞች ግራ የሚያጋባ ነገር ነው።

ከእነዚህ ይልቅ ረቂቅና አሳሳቢ የሆነ ሌላ ገደብ አለ። ቀደም ሲል ያየናቸውን ሦስት ደረጃዎች እናስታውስ፤ መነሳሳት፣ ማቀድ፣ አፈጻጸም። ባለሙያው «እስቲ አሁን ቡና ያፍሉልን» ባለ ቅጽበት መነሳሳትን ራሱ አቀብሏል ማለት ነው። ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ እስከ ማታ ድረስ ሳይነሱ ይውሉ ይሆናል። ልጃቸው ደግሞ ለካሜራው እንዲመች ብላ ስኒውን፣ ጀበናውንና ቡናውን በአንድ ቦታ ደርድራ ከጠበቀች፣ የማቀዱን ሥራ እሷ ሠርታዋለች። የቀረው አፈጻጸም ብቻ ነው፤ እሱም ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ችሎታ ሊሆን ይችላል። ከካሜራው ክልል ውጭ ቆማ በጣቷ ወደ ውኃው ብትጠቁም ደግሞ ባለሙያው የሚያየው እንከን የሌለበት ሥራ ነው።

በአካል በሚደረግ ጉብኝትም መጠየቅና ማዘጋጀት አለ፤ ነገር ግን እዚያ ረዳቱ ለባለሙያው ይታያል። በቪዲዮ ግን ምርመራውን የሚያስችለው ሰው፣ ማለትም መሣሪያውን የሚከፍተውና የሚያቆመው ረዳት፣ ከምስሉ ውጭ ነው። በመሆኑም የረዳቱ ሥራ የውጤቱ አካል ሆኖ መቆጠር አለበት። ጠንቃቃ ባለሙያ ዕቃው ከቦታው እንዳይነሣ አስቀድሞ ያሳስባል፤ ረዳቱ በምስሉ ውስጥ እንዲቀመጥ ይጠይቃል፤ «ትናንትና ማንም ሳይነግራቸው ምን ሠሩ?» ብሎም ይጠይቃል። ለመነሳሳት ጉዳይ የዘመድ ምስክርነት ከካሜራው የተሻለ ነው። በአጭሩ ካሜራው ሁለቱን የቀድሞ ምስክሮች አያሰናብታቸውም፤ ሦስቱም አብረው ሲሰሙ ነው ፍርዱ የሚስተካከለው።

ሁለት ዓይኖች መስማማታቸው እንዴት ይታወቃል?

በቪዲዮ የተሰጠ ነጥብ በአካል ከሚሰጠው ጋር መመሳሰሉ በምን ይረጋገጣል? ቀላሉ መንገድ ሁለት ባለሙያዎች፣ አንዱ በአካል ሌላው በቪዲዮ፣ ተመሳሳይ ተግባራትን እንዲመዝኑ ማድረግ ነው። ለማስረጃ ያህል በሐሳብ የተዘጋጀ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለቱ 100 ተግባራትን አይተው እያንዳንዱን «ይችላሉ» ወይም «አይችሉም» ብለው መደቡ፤ በ90ዎቹም ተስማሙ። ውጤቱ መልካም ይመስላል።

ነገር ግን እያንዳንዳቸው ከ100ው 90ውን «ይችላሉ» ብለው ከሆነ፣ ሳያዩ በዘፈቀደ ቢመልሱ እንኳ ብዙ ጊዜ በተስማሙ ነበር። ሁለቱም «ይችላሉ» የሚሉበት ዕድል 0.9 በ0.9 ሲባዛ 0.81 ነው፤ ሁለቱም «አይችሉም» የሚሉበት ደግሞ 0.1 በ0.1 ሲባዛ 0.01 ነው። ድምሩ 0.82 ይሆናል። ስለዚህ ከዕድል በላይ የተገኘው ትርፍ 0.90 ሲቀነስ 0.82፣ ማለትም 0.08 ብቻ ነው። ሊገኝ ይችል የነበረው ትልቁ ትርፍ ደግሞ 1 ሲቀነስ 0.82፣ ማለትም 0.18 ነበር። 0.08 ለ0.18 ሲካፈል 0.44 ገደማ ይሰጣል። ይህ ቁጥር ካፓ ይባላል፤ ጃኮብ ኮኸን የተባለው የስታቲስቲክስና የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው ነው። ካፓ 1 ሲሆን ፍጹም ስምምነትን፣ 0 ሲሆን ደግሞ ከዕድል የማይበልጥ ስምምነትን ያመለክታል። «90 በመቶ ተስማምተዋል» የሚል ዜና ስናነብ ካፓው ስንት እንደሆነ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ችሎታ ከቀን ወደ ቀን፣ ከጧት ወደ ማታም ይለዋወጣል። ሰኞ በአካል፣ ሐሙስ በቪዲዮ ቢታይ ልዩነቱ ከመሣሪያው ይሁን ከቀኑ አይታወቅም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከተሳታፊዎቹ ግማሹን በቪዲዮ፣ ግማሹን በአካል በመጀመር ቅደም ተከተሉን በዕጣ ይወስናሉ፤ ወይም ሁለቱ ባለሙያዎች አንዱን ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲያዩ ያደርጋሉ።

እስካሁን ካለው ልምድ የሚታየው፣ በጥያቄና መልስ የሚሞሉ መለኪያዎች ወደ ቪዲዮ በቀላሉ እንደሚሻገሩ፣ ሥራን በማየት ላይ የተመሠረቱት ግን የበለጠ ዝግጅት እንደሚፈልጉ ነው። የእርዳታ ፕሮግራሞችን በተመለከተ ደግሞ በአውስትራሊያ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ለሕመምተኞችና ለአስታማሚዎቻቸው የሚሰጥ ሥልጠና በቪዲዮ ሲሰጥና ባለሙያ ቤት ድረስ ሄዶ ሲሰጥ በአስታማሚዎቹ ውጤት ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ የባለሙያዎቹ የጉዞ ጊዜ ግን ቀንሷል።

ሚዛኑ ለማን ተሠራ?

ካሜራው የቱን ያህል ጥሩ ቢሆን፣ የምንለካበት ሚዛን ለሚለካው ሰው ካልተሠራ ምርመራው ይስታል። የላውተንና የብሮዲ መለኪያ በመጀመሪያ ሲወጣ ሴቶች በስምንቱም ተግባራት ሲመዘኑ፣ ወንዶች ግን ምግብ ማዘጋጀት፣ ቤት ማስተካከልና ልብስ ማጠብ ተትተውላቸው በአምስት ብቻ ይመዘኑ ነበር። ይህም መለኪያ ሁሉ የዘመኑንና የአገሩን ልማድ እንደሚሸከም ያሳያል።

ሕንድ ጥሩ ትምህርት ትሰጠናለች። በሃርያና ግዛት፣ በባላብጋር ገጠር፣ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አረጋውያን የተዘጋጀና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ መለኪያ የባንክ ሒሳብንና ቅጽ መሙላትን ትቶ፣ በአካባቢው ኑሮ ማንም ሰው የሚያደርጋቸውን ነገሮች ይጠይቃል። ከእነዚህም መካከል ዐቢይ በዓላትን ማስታወስና በቤተሰብ ጉዳይ ላይ ሐሳብ መስጠት ይገኙበታል።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በእስራኤል ከተሞች ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት አያት መኪና አይነዱም፤ የባንክ ሒሳብ አያንቀሳቅሱም፤ ቅጽ የሚሞሉላቸው ልጆቻቸው ናቸው። ይህ የሕመም ምልክት አይደለም፤ ከመጀመሪያም የነበረ ነው። የፌፈር መጠይቅ «ቀድሞም አድርገውት አያውቁም፤ ግን አሁን ቢሞክሩ ይችላሉ» የሚል ምርጫ ያካተተው ይህን ስሕተት ለማስቀረት ነው። ትክክለኛው ንጽጽር ሰውየውን ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከትናንቱ ከራሱ ጋር ማነጻጸር ነው። በአስተርጓሚነት ልጅን ማሰለፍም አደጋ አለው፤ ልጅ የእናቱን የተዘበራረቀ መልስ ሳያስበው አስተካክሎ ሊተረጉም ይችላል። በዚህ ረገድ ቪዲዮ አንድ በር ይከፍታል፤ በሌላ ከተማ ያለ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ወይም የሠለጠነ አስተርጓሚ ከምርመራው ጋር እንዲገናኝ ያስችላል።

ቡና ማፍላትስ የምርመራ ተግባር ሊሆን አይችልም? ይችል ይሆናል። ቅደም ተከተል አለው፤ ትዕግሥትና ትኩረት ይጠይቃል፤ ብዙዎች እናቶች ዕድሜ ልካቸውን ሠርተውታል። ይሁን እንጂ አንድ ተግባር መለኪያ የሚሆነው ባማረ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በጤነኞችና በሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ፣ የመዛኞች ስምምነት ተለክቶ፣ ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ተነጻጽሮ መረጋገጥ አለበት። ይህ ለሥነ ልቦና፣ ለሕክምናና ለስታቲስቲክስ ተማሪዎቻችን የሚጠብቃቸው ሥራ ነው።

በአገራችንም የርቀት ሕክምና ሐሳብ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በሕንድ ድጋፍ በተጀመረ ሙከራ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሃይደራባድ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር ተገናኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዘዋወሩ ሠራተኞችን አሰማርቷል። ሥልጠናና ጊዜ ቢሰጣቸው፣ ስልኩን አስተካክላ የምታቆመው፣ ዕቃው ከቦታው እንዳይነሣ የምትጠብቀውና ካሜራው የማያሸተውን የምታሸትተው ከእነሱ አንዷ ልትሆን ትችላለች።

ወደ ጀበናው ስንመለስ

በመግቢያችን ያነሣናቸው እናት በቪዲዮ ቢታዩ ምን ይጠቀማሉ? ባለሙያው ሲቆሉና ሲወቅጡ ያያል፤ ውኃውን ሲዘሉም ያያል። «ቀጥሎስ?» ሲላቸው ያስታውሱት እንደሆነ ይሞክራል። የሚገኘው ምክር «ከእንግዲህ ቡና አያፍሉ» የሚል ላይሆን ይችላል። ምናልባት ውኃው አስቀድሞ በጀበናው ውስጥ ይሞላ፤ ከሰሉን ልጃቸው ታቀጣጥል፤ እስኪወርድ ድረስም አጠገባቸው ትቀመጥ የሚል ይሆናል። መቁላቱና መውቀጡ የእሳቸው ሆኖ ይቀጥላል፤ ስኒውን የሚያቀብሉትም እሳቸው ናቸው።

ከአንባብያን መካከል በቤቱ እንዲህ ያሉ አያት ወይም አባት ያሉት ይኖራል። ለሐኪም የሚጠቅመው «ብዙ ይረሳሉ» የሚል ጠቅላላ ወሬ ሳይሆን ዝርዝር ማስታወሻ ነው። ምን ጀመሩ? ማን አስጀመራቸው? የት ላይ ቆሙ? ምን ቢባሉ ቀጠሉ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለአንድ ሳምንት በደብተር መዝግቦ ይዞ መሄድ፣ ካሜራ ባይኖርም፣ የቤቱን ኑሮ ወደ ሐኪሙ ክፍል ያደርሰዋል።